በስክሪን የተገኘ ልዑክ ድምፅ መስጠት ይችላል? የዓሣ ሀብት ኮሚሽኖች ያልቋጩት የሕግ ክርክር

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ስሎቬኒያ ውስጥ ፖርቶሮዥ ላይ ተሰብስቦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራዚልና ጎረቤቶቿ ደቡብ አትላንቲክ ዓሣ ነባሪ የማይታደንበት ክልል እንዲሆን ለዓመታት ሲጠይቁ ቆይተዋል። ጥያቄያቸው ለድምፅ ሊቀርብ ሲል አደንን የሚደግፉት አገሮች ክርክር አላበዙም፤ ከአዳራሹ ቀሩ። ኮሚሽኑ ምልዓተ ጉባኤ የሚኖረው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ሰው ጎደለ፣ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። ዘዴው አዲስ አልነበረም፤ በ2011 ጀርዚ ደሴት ላይ፣ በዚያው አጀንዳ፣ በጃፓን መሪነት ተሠርቶበታል። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ኮሚሽኑ ግን የሚመራበት ሕግ ከቱናና ኮድ ከሚባለው ዓሣ ኮሚሽኖች ብዙም አይርቅም።

አሁን ይህንኑ ስብሰባ በኦንላይን እናስበው። ሰብሳቢው ድምፅ ሊያሰጥ ሲል አሥራ ምናምን ሳጥኖች ከስክሪኑ ይጠፋሉ። አገሮቹ ምልዓተ ጉባኤ ለማፍረስ ሆን ብለው ወጡ? ወይስ መብራት ሄደባቸው? ካሜራና ማይክ ዘግተው የሚያዳምጡትስ እንደተገኙ ይቆጠራሉ? አዳራሽ ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ቆጥሮ መልሱን ይሰጣል። ስክሪን ላይ የሚቆጠረው ግን የገባው መሣሪያ ነው፤ አንድ ልዑክ በላፕቶፑም በስልኩም ገብቶ ሁለት ሊመስል፣ ሦስት ባለሥልጣናት ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ይህ የጥቂት ሕግ አዋቂዎች ጭቅጭቅ ይመስል ይሆናል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ ሱፐርማርኬት በምናነሣው የቱና ጣሳ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን በአብዛኛው የማንም አገር ባልሆነ ወይም ብዙ አገሮች በሚጋሩት ባሕር የሚያልፍ ነው። ስንት ቶን ይጠመድ፣ በየትኛው ወር መረብ ይሰብሰብ፣ ማን ምን ያህል ይድረሰው የሚለውን የሚወስኑት በስምምነት የተቋቋሙ ኮሚሽኖች ናቸው። የህንድ ውቅያኖሱ ቪክቶሪያ ሲሸልስ፣ የአትላንቲኩ ማድሪድ፣ የምዕራብና ማዕከላዊ ፓስፊኩ ፖንፔ ደሴት፣ የምሥራቅ ፓስፊኩ ሳንዲያጎ አጠገብ ላ ሆያ፣ የአንታርክቲኩ ሆባርት አውስትራሊያ ተቀምጠዋል። የዓሣ ነባሪው ስምምነት በ1946፣ የአትላንቲኩ በ1966፣ የህንድ ውቅያኖሱ በ1993 የተጻፉ ናቸው። ያረቀቋቸው ሰዎች ልዑካን አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ውክልናቸውን አስገብተው፣ ከአገራቸው ስም ሰሌዳ ኋላ እንደሚቀመጡ አልተጠራጠሩም። ስለዚህ የት መቀመጥ እንዳለባቸው አልጻፉም።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ኮሚሽኖቹ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ላይ በፖስታ ድምፅ መስጠት የቆየ አሠራር ነው፤ የአትላንቲኩ የቱና ኮሚሽንም በሁለት ስብሰባዎች መካከል በደብዳቤ የሚወስንበት ደንብ አለው። ነገር ግን የደብዳቤ ድምፅ የተሠራው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ለሚመጣ ጉዳይ ነው። ረቂቁ ይላካል፣ አገሮች አዎ ወይም አይ ይላሉ። በመሀል ሰብሳቢው ሁለት ተቀናቃኞችን ቡና ላይ አገናኝቶ አንድ አንቀጽ የሚያስተካክልበት ዕድል የለም። የአትላንቲኩ ኮሚሽን በ2020 ዓመታዊ ጉባኤውን ሳያደርግ በደብዳቤ ሲሠራ የሆነውም ይኸው ነው፤ የቀደመው የትሮፒካል ቱና ውሳኔ ለ2021 እንዲራዘም ተደረገ እንጂ አዲስ ድርድር አልተደረገም። አደጋ ላይ ስላለው የሰሜን አትላንቲክ ማኮ ሻርክ የተያዘው ክርክርም ሳይቋጭ ዓመቱ አለቀ። ኦንላይን ስብሰባ ምንም አይሠራም እንዳይባል ግን ያው ኮሚሽን በኅዳር 2021 በቪዲዮ ተሰብስቦ ያንኑ ሻርክ በ2022 እና በ2023 ይዞ ማስቀረት እንዲከለከል ወስኗል።

ከሁሉም ጫፍ ላይ የደረሰው ምሥራቅ ፓስፊክ ነበር። እዚያ የሚወሰነው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በጉባኤው የተገኙ አባላት ሁሉ ሲስማሙ ነው። ትልልቆቹ የቱና መርከቦች በዓመት 72 ቀን መረባቸውን እንዲሰበስቡ የሚያስገድደው ውሳኔ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ያበቃ ነበር። ዓመታዊው ጉባኤ በቪዲዮ ተካሂዶ በታኅሣሥ መጀመሪያ ያለ ስምምነት ተበተነ። አዲሱ ዓመት ሲገባ በዚያ ሰፊ ባሕር ላይ መርከቦቹን የሚገታ የጋራ ደንብ ሊጠፋ ነው ማለት ነበር። ታኅሣሥ 22 አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ የነበረው ሕግ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ዘጠኝ ቀን ሲቀር መሆኑ ነው። በአካል በሚደረግ ጉባኤ አንድን እምቢተኛ ልዑክ በኮሪደር፣ በእራት ሰዓት፣ በሌሊት ድርድር መክበብ ይቻላል። ኦንላይን ላይ ማይኩን ዘግቶ ይተኛል።

እንግዲህ የሕጉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የህንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን አስገዳጅ ውሳኔ የሚያሳልፈው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት አባላት ሁለት ሦስተኛው ሲደግፉ ነው። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ድምፅ እንደሰጠ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የተገኘው ሰው ብዛት ሳይሆን አዎና አይ ያሉት ድምር ነው ስሌቱ የሚሠራበት። ኮሚሽኑ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕገ ደንብ አንቀጽ 14 የተቋቋመ ስለሆነ ደግሞ ደንቡን እንደፈለገ ሊያደርገው አይችልም፤ ከስምምነቱና ከድርጅቱ ሕገ ደንብ ጋር መጋጨት የለበትም።

በኦንላይን የገባ ተገኝቷል የሚሉት ወገኖች የ1969ኙን የቪየና የስምምነቶች ሕግ ይጠቅሳሉ። አንቀጽ 31 ስምምነት ሲተረጎም ተዋዋዮቹ በኋላ የተስማሙበት አሠራርም እንዲታይ ይፈቅዳል። አገሮች ለሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ተቃውሞ በቪዲዮ ተሰብስበው ከወሰኑ፣ መገኘት ማለት ይህንንም ይጨምራል ብለው ተርጉመውታል ነው ክርክሩ። ያስኬዳል፤ ግን ቀዳዳ አለው። በወረርሽኙ ዓመታት የተወሰነው አብዛኛው ነገር በመግባባት ያለፈ ስለሆነ ድምፅ አልተቆጠረም። ሁሉም የተስማማበትን ውሳኔ ሕጋዊነት የሚሞግት የለም። አሠራሩ ሊፈተን የሚችለው የሚሸነፍ ወገን ሲኖር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተሸናፊው «እኔ በቪዲዮ መሰብሰብን እንጂ በቪዲዮ መሸነፍን አልፈቀድኩም» ማለቱ አይቀርም።

ቀጥተኛው መንገድ የሥነ ሥርዓት ደንቡን ማሻሻል ነው። እሱም የራሱ ቋጠሮ አለው። በህንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን ደንብ ለማውጣትም ሆነ ለመለወጥ የሚያስፈልገው የተገኙት ሳይሆን የአባላቱ በሙሉ ሁለት ሦስተኛ ነው። አባላቱ ወደ 30 ይጠጋሉ፤ ከእነሱ መካከል ጦርነት ውስጥ ያሉ ወይም ወደ ጉባኤ ብዙም የማይመጡ አሉ። የመንና ሱዳንን ማሰብ ይበቃል። ኦንላይን ድምፅን የሚፈቅደው ውሳኔ ራሱ በኦንላይን ካለፈ ደግሞ ክርክሩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ በአካል ተገናኝቶ፣ ማንም በማይከራከርበት አዳራሽ ውስጥ፣ አስቀድሞ መጨረስ ይገባል። በእኔ ግምት የአብዛኞቹ ኮሚሽኖች ትልቁ ስንፍና ከ2022 ወዲህ በአካል መሰብሰብ ከጀመሩ በኋላ ይህን ሥራ ለሚቀጥለው ቀውስ ማሳደራቸው ነው።

ድምፅ አሰጣጡ ተበላሽቷል ተብሎ ቢከሰስስ? የህንድ ውቅያኖሱ ስምምነት አለመግባባት በእርቅ ካልተፈታ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሊሄድ እንደሚችል ይናገራል። የፍርድ ቤቱን ዝንባሌ የሚያሳይ የቆየ ፍርድ አለ። በ1972 ህንድና ፓኪስታን በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ሲካሰሱ፣ ህንድ ምክር ቤቱ የወሰነበት ሥነ ሥርዓት ግድፈት ያለበት ነው ብላ ተከራክራ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግድፈት ቢኖር እንኳ የፍትሐዊ ሥነ ሥርዓትን መሠረት የሚነካ አይደለም ብሎ አለፈው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለኦንላይን ድምፅ ደጋፊዎች የሚያጽናና ነው፤ ጥቃቅን የቴክኒክ እንከን ውሳኔን አያፈርስም። የሚያፈርሰው የአንድን አገር ድምፅ የመስጠት መብት የነካ ነገር ነው። ልዑኩ ድምፁን ሊሰጥ ሲል ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ውሳኔውም በአንድ ድምፅ ልዩነት ቢያልፍ፣ ያ እንከን ጥቃቅን ነው የሚል ዳኛ ማግኘት ይከብዳል። የአንድ ድምፅ ልዩነት ደግሞ ተረት አይደለም። መግቢያው ላይ ያነሣሁት የደቡብ አትላንቲክ የዓሣ ነባሪ ጥያቄ በ2024 ሊማ ላይ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 40 ደገፉት፣ 14 ተቃወሙት። ሁለት ተጨማሪ ደጋፊ ቢያገኝ ወይም አንድ ተቃዋሚ ቢቀርበት ያልፍ ነበር።

ለዚህ የድሮው ስም መጥራት አሁንም የተሻለ ነው። ሰብሳቢው አገሮችን በፊደል ተራ ይጠራል፣ ያልመለሰውን ደግሞ ይጠራል፣ መልሱ ሁሉም እየሰማ ይመዘገባል። እድር ላይ ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ በኋላ ነበርኩ ቢል እንደማይሰማው ማለት ነው። ግንኙነት የተቋረጠበት አገር ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ፣ በስልክ መልስ መስጠት እንደሚችል ደንቡ ላይ ከተጻፈ ነገሩ በአብዛኛው ይፈታል። ድምፅ አሰጣጥ ከተጀመረ በኋላ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ካልሆነ በቀር የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አይነሣም የሚለው የተለመደ ደንብም «አልሰማሁም» የሚለውን አቤቱታ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ መሆን አለመሆኑን መወሰን ይኖርበታል።

የምስጢር ድምፅ ሲመጣ ግን ስም መጥራት አይሠራም፤ እውነተኛው ራስ ምታትም እዚያ ነው። በየካቲት 2023 የህንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን ሞምባሳ ላይ ልዩ ጉባኤ አደረገ። አጀንዳው ባሕር ላይ እየተንሳፈፉ ከበታቻቸው ዓሣ የሚሰበስቡ፣ የሳተላይት መጠቆሚያ የተገጠመላቸው መሣሪያዎች ነበሩ። መርከቦች እነሱን ተከትለው የሚዘረጉት መረብ ገና ያልደረሰ ቢጫ ክንፍ ቱናም አብሮ ስለሚጠርግ፣ በዓመት 72 ቀን አገልግሎታቸው እንዲቋረጥ ተጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት መርከቦች ዋነኛ ተጠቃሚዎች ናቸው። ኅብረቱ ከሲሸልስ፣ ከማዳጋስካርና ከሞሪሺየስ ጋር የዓሣ ማስገር ስምምነቶች አሉት፤ ገንዘብ ይከፍላል። እንዲህ ባለ ጉባኤ ትናንሽ አገሮች ድምፃቸው እንዳይታይ ቢፈልጉ ምን ያስገርማል? ድምፁ በምስጢር ተሰጠ፤ ውሳኔው በ16 ድጋፍ አለፈ።

የአዳራሽ ምስጢር ቀላል ነው። ወረቀት ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከእጁ ጋር የሚያገናኝ ነገር የለም። ኦንላይን ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። ሲስተሙ ድምፅ የሰጠው የተፈቀደለት ልዑክ መሆኑንና አንዴ ብቻ መስጠቱን ማወቅ አለበት፤ ምን እንደሰጠ ግን ማወቅ የለበትም። ቴክኒኩ ይህን ሊፈታው ይችላል ይባላል፤ እኔም አልጠራጠርም። ሶፍትዌር የማይፈታው ልዑኩ ድምፁን የሚሰጥበትን ክፍል ነው። ቪክቶሪያ ወይም የኮሞሮስ ዋና ከተማ ሞሮኒ ባለ ቢሮ ከኋላው ማን ቆሟል? አለቃው? የዓሣ ኩባንያ ሰው? አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያያል፤ ያ የጋራ ዕይታ ራሱ ጥበቃ ነበር።

ሌላው ብዙም የማይነሣ ነገር ሰርቨሩ ነው። የኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ከአስተናጋጅ አገሩ ጋር ባለው ውል ሕንፃውም ማኅደሩም አይደፈርም። በሦስተኛ አገር ያለ የግል ኩባንያ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የድምፅ መዝገብ ያንን ከለላ ማግኘቱ ግልጽ አይደለም። የቪዲዮና የድምፅ መስጫ አገልግሎቶችን የሚሸጡት ኩባንያዎች ደግሞ በየአገራቸው የማዕቀብ ሕግ የሚገዙ ናቸው፤ ኢራን የህንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን ሙሉ አባል ናት። አባል አገር በአንድ ኩባንያ የአገልግሎት ደንብ ምክንያት ድምፅ መስጠት ቢያቅተው በሕጉ ረገድ ያ ከበር ላይ ከመመለስ አይለይም።

እኩልነቱስ? ፖንፔ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ብራስልስ በክረምት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ለሁሉ የሚመች ሰዓት የለም፤ ስለዚህ ጉባኤው በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ አጀንዳ ይቀነሳል፤ የሚቀነሰው ደግሞ የሚያከራክረው ነው። ሃያ ባለሙያና ጠበቃ ያለው ልዑክ ቡድን በፈረቃ ይሠራል። አንድ ሰው የላከች አገር ያ ሰው ቀን ቢሮው ሥራውን ሠርቶ ሌሊት ጉባኤ ይቀመጣል። በሌላ በኩል የጉዞ ገንዘብ የሌላቸው፣ ቪዛ የሚከለከሉ የሶማሊያና የኤርትራ ዓይነት አባላት ከዚህ ቀደም ባዶ ከሚቀር ወንበራቸው ይልቅ በስክሪን መታየታቸው ትልቅ ነገር ነው። የሁለቱ ሚዛን ወዴት ያደላል ለሚለው መልሴ ለመወያየት ኦንላይን ይጠቅማቸዋል፣ ለመደራደር ይጎዳቸዋል የሚል ነው።

ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥረው አሠራር ደግሞ ለእነሱ ከሁሉ የከፋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመጋቢት 2020 ረቂቅ ተልኮ ቢያንስ 72 ሰዓት ውስጥ ተቃዋሚ ካልተገኘ እንደጸደቀ እንዲቆጠር ወስኖ ነበር። ኒውዮርክ ቋሚ ልዑክ ላለው ይሆናል። አንድ የዓሣ ሀብት መምሪያ ኃላፊ ግን ረቂቁን ለሚኒስትሩ አሳይቶ፣ ከውጭ ጉዳይ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በሦስት ቀን አይመልስም። ዝም ያለ ተስማማ ይባላል።

ጠቅላላ ጉባኤው ምርጫ ሲደርስበት የወሰደው መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። በሰኔ 2020 የጸጥታው ምክር ቤት አባላት ሲመረጡ ኦንላይን ድምፅ አልሞከረም። ልዑካን በተመደበላቸው ሰዓት፣ ማስክ አድርገው፣ በየተራ ገብተው የምስጢር ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ከተው ወጡ። ኬንያ ጅቡቲን በመጀመሪያው ዙር 113 ለ78 መርታ የሚፈለገውን ስላልሞላች፣ በማግስቱ 129 ለ62 ያሸነፈችው በዚህ መንገድ ነው። ውጤቱን ማንም አልሞገተም። ክርክሩ በስክሪን፣ ድምፁ በእጅ። የዓሣ ኮሚሽኖችም ለምስጢር ድምፅ ይህን ሊከተሉ የሚችሉ ይመስለኛል፤ በተለይ ብዙ አባላት ኤምባሲ ባሏቸው ከተሞች። የምዕራብና ማዕከላዊ ፓስፊኩ እንኳ፣ አንድ ውሳኔ በጥቅሉ ሦስት አራተኛ ድምፅ ማግኘቱ ሳይበቃ በደሴቶቹ ወገንና በሌሎቹ ወገን ለየብቻ ሦስት አራተኛ እንዲያገኝ የሚጠይቀው ኮሚሽን፣ ሁለት ሣጥን ከማስቀመጥ የዘለለ ችግር አይገጥመውም።

ስለ ውክልና ደብዳቤና ስለ ውዝፍ መዋጮ በአጭሩ ማለት የሚቻለው ሁለቱም ከድምፁ ቀድመው መዘጋት እንዳለባቸው ነው። በህንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን የሁለት ዓመት መዋጮ የሚያህል ውዝፍ ያለበት አባል ኮሚሽኑ ካልፈቀደለት ድምፅ የለውም። አዳራሽ ውስጥ ይህ በሰብሳቢው ጠረጴዛ ዙሪያ ይፈታል። ድምፅ መስጫው ሲስተም ግን ስማቸው ያልገባውን በሩን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ማን ስሙን እንዳወጣው የሚጠየቀው ደግሞ አባል አገር ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ሞምባሳ ከተወሰነ በኋላ የሆነው ያሳያል። የህንድ ውቅያኖሱ ስምምነት ውሳኔውን ያልወደደ አባል በ120 ቀን ውስጥ ተቃውሞ አስመዝግቦ ከግዴታው እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ከአባላቱ ከሲሶ በላይ ከተቃወሙ ደግሞ የቀሩትም አይገደዱም። የአውሮፓ ኅብረት ተቃወመ። ሲሸልስ፣ ኮሞሮስ፣ ኦማንና ፊሊፒንስም ተቃወሙ፤ ስብሰባውን ያስተናገደችው ኬንያም ጨመረች። ተቃዋሚዎቹ 11 ሲደርሱ ውሳኔው ኃይል አጣ። በአካል፣ በወረቀት፣ በምስጢር፣ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ ያለፈ ውሳኔ ነው ይህ። ለመደገፍ ሞምባሳ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ለመውጣት ከዋና ከተማ አንድ ደብዳቤ በቃ። በኦንላይን አልፎ ቢሆን ኖሮ 11 ደብዳቤም አያስፈልግም ነበር፤ አንድ አገር ድምፁ ሕጋዊ አልነበረም ብላ 120ው ቀን ከመቼ ይቆጠራል የሚለውን ብታነሣ ዓመቱ በክርክር ያልቅ ነበር። በግንቦት 2024 ባንኮክ ላይ በተንሳፋፊዎቹ ጉዳይ አዲስ ውሳኔ ተደረሰ፤ የመሣሪያዎቹን ብዛት ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ነው፣ የ72 ቀኑ ዕረፍት ግን የለበትም።